ከትራፊ ምግብ የቦካ የዶሮ መኖ፦ ወደ ባልዲው የሚገባውና የማይገባው

ከዶሮ እርባታ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶው መኖ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የእንቁላል ገዢ ይጠፋል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም። እንዲህ ሲሆን አንዱ አርቢ ዶሮዎቹን አውጥቶ ይሸጣል፤ ሌላው ከምግብ ቤት ትራፊ በባልዲ እያመጣ እንዳለ ይደፋላቸዋል። የመጀመሪያው ከሥራው ይወጣል። የሁለተኛው ዶሮዎች ደግሞ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንቁላል ይቀንሳሉ፣ ኩሳቸው ይቀጥናል፣ ሲብስም ይሞታሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ትራፊውን መርጦ፣ መዝኖና አቡክቶ ከተዘጋጀው መኖ ጋር ማብላት ነው። በአግባቡ ከተሠራ የሚገዛውን መኖ ሲሶ ያህል ይተካል። ከዚያ በላይ ተካሁ የሚል ሰው ከገጠማችሁ እንቁላሉን በየቀኑ ይቆጥር እንደሆነ ጠይቁት።

ስለ ቦካ መኖ የሚወራው ብዙ ነው፤ ግማሹ የተጋነነ ነው። ባልዲው ውስጥ የሚሆነው ቡሆ ውስጥ ከሚሆነው ብዙም አይለይም፤ እንጀራ የምትጋግር ሴት ሥራውን ከማንም ባለሙያ ቀድማ ትይዘዋለች። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች የእህሉን ስኳር ይበላሉ፣ አሲዱ ይጠነክራል፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ አሲዱ ሲበረታ ቁጥሩ ይወርዳል) ከ4.5 በታች ሲወርድ እንደ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ያሉት ጎጂ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። ፉርሽካና ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የቅባት እህል ተረፈ) ይላላሉ፤ በእህሉ ውስጥ ታስሮ የነበረው ፎስፈረስ በከፊል ይፈታና ዶሮዋ ትጠቀምበታለች። ጥቅሙ እዚህ ላይ ያበቃል። ማቡካት ፕሮቲን ከሌለበት ፕሮቲን አይፈጥርም፣ ጨው አያወጣም፣ የሻጋታ መርዝ አያጠፋም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ጥንቃቄ ሁሉ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ትራፊውን ከሚሰጣችሁ ሰው ጋር በመነጋገር ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ትራፊ አለ። አንዱ ከማብሰያ ክፍል የሚወጣው ነው፤ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጥቅል ጎመን የውጭ ቅጠል፣ የጎመን ዘንግ፣ ያልተነካ የእንጀራ ጠርዝ፣ የተረፈ ሩዝና መኮሮኒ። ሌላው ከእንግዳ ሳህን የሚራገፈው ነው፤ በወጥ የራሰ እንጀራ፣ አጥንት፣ ሶፍት፣ ስቴኪኒ፣ ቆርኪ። የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። ክዳን ያለው ንጹሕ ባልዲ ወስዳችሁ ማብሰያ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡ፤ ምን ይግባበት፣ ምን አይግባበት የሚለውን ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ልጣጩን ለምትጥለው እህት ንገሯት። በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት እንቁላል ብትወስዱላት ባልዲያችሁ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ባልዲውን በየቀኑ ቀይሩት። ሦስት ቀን የተጠራቀመ ትራፊ ሲመጣ መበስበስ ጀምሯል፤ የበሰበሰውን ማቡካት አያድነውም።

የሳህን ትራፊ ብቻ ካለ እስኪንተከተክ አፍሉት፤ ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ይቆይ። ስቴኪኒው ግን ፈልቶም ስቴኪኒ ነው፤ አንጀት ይበሳል። ስለዚህ ከማፍላታችሁ በፊት በጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በእጅ ልቀሙ።

ወደ ባልዲው በጭራሽ የማይገቡትን በምክንያታቸው ላስቀምጥ፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው «ትንሽ ብትገባስ» ማለቱ አይቀርም። ጁስ ቤቶች በነጻ የሚሰጡት ትራፊ በአብዛኛው የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ነው። ፐርሲን የሚባል መርዝ አለው፤ የወፍ ዘርን ልብና ሳንባ ይጎዳል። የፓፓያና የማንጎ ልጣጭ ብቻ ለይተው የሚሰጧችሁ ከሆነ ውሰዱ፣ ካልሆነ ይቅርባችሁ። የቡና አተላ ካፌይን አለው፤ የሻይ ቅጠልም እንዲሁ። የጫት ገረባ አይገባም። አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ የድንች ልጣጭ ሶላኒን ይዟል፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ጥሬ አደንጓሬና ጥሬ አኩሪ አተር የምግብ መፈጨትን የሚያውኩ ነገሮች አሏቸው፤ በደንብ ካልበሰሉ አይሰጡም። ጓያ ጭራሽ ይቅር።

ሥጋና አጥንትም ይቅር። አየር በሌለበት እርጥብ ነገር መካከል የሚበሰብስ ሥጋ የቦቱሊዝምን መርዝ ያፈራል። ይህ የያዛት ዶሮ አንገቷን መሸከም ያቅታታል፣ ክንፏ ይወድቃል፣ ከዚያ በኋላ የምታደርጉላት ነገር ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዶሮ ተረፈ ነገር ተጠንቀቁ፤ ላባ፣ ሆድ ዕቃ፣ የታጠበበት ውሃ፣ ጥሬ የእንቁላል ቅርፊት። ምግብ ቤቱ ዶሮውን ከየት እንደገዛው አታውቁም። የፈንግል ቫይረስ በባልዲው አሲድ ይሞታል ብላችሁ አትመኑ፤ በበዓል ሰሞን ከምግብ ቤት የመጣ አንድ ባልዲ ክትባቱ ያለፈበትን መንጋ ሊጨርስ ይችላል።

ስለ ሻጋታ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከትራፊ መኖ ጉዳት ውስጥ ሳይታወቅ የሚቆየው እሱ ነው። እንጀራ በፌስታል ታስሮ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ አረንጓዴ ነጥብ ያወጣል። ነጥቡን ቆርጦ ቀሪውን መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሻጋታው ክር ከሚታየው አልፎ ገብቷል። እንደ አፍላቶክሲን ያሉት የሻጋታ መርዞች በመቀቀል አይጠፉም፣ በማቡካትም አትመኑባቸው። ዶሮዋ ወዲያው አትሞትም፤ ጉበቷ ይጎዳል፣ እንቁላሏ ይቀንሳል፣ ክትባት የተሰጣት ዶሮ እንዳልተከተበች በበሽታ ትያዛለች፤ መርዙም በጥቂቱ ወደ እንቁላሉ ያልፋል። የሻገተ እንጀራ ለዶሮ ሳይሆን ለጉድጓድ ነው። መፍትሔው እንጀራው በመጣበት ቀን ቆራርሶ ንጹሕ ማዳበሪያ ላይ በፀሐይ ማስጣትና ድርቆሽ ማድረግ ነው። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ፣ እርጥበት ካልነካው፣ ለወራት ይቀመጣል። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ ከእንጀራ መጋገር በኋላ ምጣዱ በሚቀረው ሙቀት ማድረቅ ይቻላል።

ይኸው ጥንቃቄ ለኑግ ፋጉሎም ይሠራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ስለ ወተት አፍላቶክሲን ሲነሳ ጣት የተቀሰረው በፋጉሎ ላይ ነበር። ስትገዙ ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፤ ጠረኑ የዘይት እንጂ የምድር ቤት መሆን የለበትም። የታመቀ፣ የሞቀ ወይም ነጭ ዱቄት መሳይ ያለበትን አትግዙ። ብዙ ገዝቶ ማከማቸትም አያዋጣም፤ የሁለት ሳምንቱን ብቻ ግዙ።

አሁን ወደ ወጥ እንምጣ። «በርበሬ ዶሮን ይጎዳል» የሚለው ስጋት ቦታውን የሳተ ነው። በርበሬን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በወፎች ላይ አይሠራም፤ ዶሮ ሚጥሚጣውን ሳይሰማት ትለቅመዋለች። ችግሩ ጨው ነው። የዶሮ መኖ የሚፈልገው ጨው 0.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የምትገዙት የተዘጋጀ መኖ ደግሞ ይህን አስቀድሞ ይዟል። በወጥ የራሰ እንጀራ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጨው የበዛባት ዶሮ ያለማቋረጥ ትጠጣለች፣ ኩሷ ውሃ ይሆናል፣ ጉዝጓዙ ይርሳል፤ የመጠጫው ውሃ ከተቋረጠባት ደግሞ ልትሞት ትችላለች። ወጥ የነካውን እንጀራ በእጥፉ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩትና ውሃውን ድፉት፤ ከዚያ ቀምሳችሁ እዩ። ጨውነቱ ለእናንተ ምላስ ከታወቀ አንዴ ድገሙት። ከዘይቱም የተወሰነው በዚያው አብሮ ይወጣል። የሽንኩርት ልጣጭና የነጭ ሽንኩርት ክምር አትጨምሩ፤ በወጥ ውስጥ በስሎ የመጣው ጥቂት ሽንኩርት ግን አያሳስብም።

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያቆመው በሚቀጥለው ነገር ነው፤ እርጥብ ክብደትን እንደ ደረቅ መቁጠር። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ከባልዲ የወጣ የቦካ መኖ ግን ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው። 120 ግራም የቦካ መኖ መዝኖ የሰጠ ሰው በእርግጥ የሰጠው 40 ግራም ነው። ዶሮዎቹ ሆዳቸው በውሃ ስለሚሞላ አይጮኹም፤ ከሳምንት በኋላ እንቁላሉ ሲወርድ «የቦካ መኖ አይሆንም» ይባላል። ተርበው ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ትራፊ ምን ያህል ደረቅ ነገር እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ኪሎ ቲማቲም ውስጥ ከ50 እስከ 60 ግራም ብቻ ነው ያለው፤ የቀረው ውሃ ነው። ጥቅል ጎመን 80 ግራም ገደማ፣ የድንች ልጣጭ ከ150 እስከ 200፣ ትኩስ እንጀራ ከ350 እስከ 400፣ ፉርሽካ 880 ገደማ። ያላወቃችሁት ነገር ከመጣ አንድ ኪሎ መዝናችሁ እስኪንኮሻኮሽ አድርቁትና መልሳችሁ መዝኑት። ይህን አንዴ የሠራ ሰው አንድ ጆንያ ጎመን በነጻ ለማምጣት የታክሲ አይከፍልም።

ለ50 ጣይ ዶሮዎች የሚሆን የአንድ ቀን ልክ እነሆ። አምሳዎቹ በቀን 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋሉ፤ 4 ኪሎው ከተገዛው የጣይ መኖ፣ 2 ኪሎው ከባልዲው ይመጣል። ለባልዲው 2 ኪሎ ትኩስ እንጀራ (ወይም 800 ግራም ድርቆሽ)፣ 800 ግራም ፉርሽካ፣ 400 ግራም የተፈጨ የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን፣ ካሮትና የድንች ልጣጭ። ሲደመር ደረቁ ከሁለት ኪሎ ትንሽ ያንሳል፤ ፕሮቲኑም 17 በመቶ አካባቢ ይወጣል፤ ለጣይ ዶሮ የሚፈለገው ከ16 እስከ 17 ስለሆነ ይበቃል። ፋጉሎውን ብታወጡት ግን ወደ 13 በመቶ ይወርዳል። እንጀራ ብቻ የሚያቦኩ ሰዎች ዶሮዎቻቸው የሚሰቡትና እንቁላል የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ኑግና የእህል ዘር ላይሲን የሚባለው ፕሮቲን ሠሪ ያንሳቸዋል፤ ከወፍጮ ቤት የአተር ወይም የሽምብራ ክክ ስባሪ ካገኛችሁ 150 ግራሙን ቀቅላችሁ በዚያው ልክ ፉርሽካውን ቀንሱ። ከጥጥ ፍሬ የተጨመቀ ፋጉሎ ግን አትተኩበት፤ ጎሲፖል የሚባል ነገር ስላለው እንቁላሉ ሲቀመጥ አስኳሉን ያበላሸዋል።

ዕቃው የምግብ ፕላስቲክ ይሁን። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ለዚህ ልክ ይበቃል፤ ሩብ ያህሉ ባዶ መቅረት አለበት፤ ሲቦካ ይነፋል። የዘይት ጀሪካን አፉን ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። የቀለም ወይም የፀረ ተባይ ዕቃ የነበረ አይሆንም። የቆርቆሮ ባልዲም አይሆንም፤ አሲዱ ዚንኩን ያሟሟዋል። አራት ባልዲ ያስፈልጋችኋል፤ ሦስቱ እየቦኩ አንዱ ይበላል፤ በየቀኑ አንድ ይሞላል፣ አንድ ይከፈታል። ቀን በክዳኑ ላይ ጻፉ። ያልጻፈ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይምታታበታል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ክፍት ዕቃ ላይ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ የምትፈልጉትንም ተሕዋስ ይገድላል። መጀመሪያ ደረቁን አደባልቁ፣ ከዚያ እንጀራውንና አትክልቱን፣ ቀጥሎ 2 ሊትር ያህል ውሃ። በድርቆሽ ከሆነ የምትሠሩት በዚያ ላይ ሌላ 1 ሊትር ከሩብ ጨምሩ። ከቡሆ ላይ የጠለለ አንድ ኩባያ እርሾ አፍስሱበትና አማሱ። እርሾው የሚጠቅመው ጊዜ በማሳጠር ነው። ያለ እርሾ የመጀመሪያው ቀን ክፉ ቀን ነው፤ አሲዱ ገና ስላልመጣ ጎጂዎቹም ባክቴሪያዎች እኩል ይራባሉ። በእርሾ ከተጀመረ ጥሩዎቹ ቀድመው ቦታ ይይዛሉ። የዳቦ እርሾ ግን አትጨምሩ፤ እሱ የሚሠራው አልኮልና ጋዝ ነው እንጂ ላክቲክ አሲድ አይደለም። ስኳርም ሞላሰስም አያስፈልግም።

ድብልቁን በእጅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ፤ ከላይ ሳህን ገልብጡበትና የታጠበ ድንጋይ ጫኑበት። ውሃው ሁለት ጣት ያህል ከላይ ሊሸፍነው ይገባል። ከውሃ በላይ የወጣ ነገር ሁሉ ይሻግታል፤ በቦካ መኖ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሕግ የለም። ክዳኑን ግጠሙ እንጂ አታጥብቁ። ጋዙ መውጫ ካጣ ክዳኑ የጠበቀ ጀሪካን ይፈነዳል።

ከሰዓታት በኋላ ተመለሱና እዩት። ፉርሽካና ድርቆሽ ውሃውን ጠጥተው ላዩ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ ሙሉበት። ይህን ሳያዩ ያደሩ ሰዎች ናቸው በማግስቱ ሻጋታ የሚያገኙት። በሁለተኛው ቀን አረፋ ይታያል፣ ድንጋዩ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ጠረኑ ወደ ቡሆ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ደስ የሚል ጎምዛዛ ጠረን ይኖረዋል፣ አረፋው ይቀንሳል፣ የላዩ ውሃ ጠራ ይላል። የፒኤች ወረቀት ካላችሁ ከ4 እስከ 4.5 ያሳያል። ጊዜው በአገሩ ሙቀት ይለያያል። አዳማና ድሬዳዋ አንድ ቀን ተኩል ሊበቃው ይችላል፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት። ደብረ ብርሃን በክረምት አምስት ቀን ይወስዳል፤ ምጣድ ካለበት ክፍል አስጠጉት። ቀኑን ሳይሆን ጠረኑን እመኑ። ከመመገባችሁ በፊት ከውሃው አንድ ሊትር ያህል ቀድታችሁ ለሚቀጥለው ባልዲ እርሾ አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ቡሆ ቤት መሄድ አያስፈልጋችሁም።

ነጭ፣ ስስ፣ ጠፍጣፋ ሽፋን ከታየ አትደንግጡ፤ ጉዳት የሌለው እርሾ ነው፤ ገፋችሁ ጣሉት። ፀጉር ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ከሆነ ሙሉ ባልዲውን ጣሉ፣ ባልዲውን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ እርሾውንም ከሌላ ጀምሩ። የበሰበሰ እንቁላል ወይም የሬሳ ጠረን ካለው ፕሮቲኑ በዝቶ ወይም ውስጡ ሥጋ ገብቶ ነው፤ ይጣል። የጠላ ወይም የአረቄ ጠረን ካመጣ ፍራፍሬ በዝቶበታል ወይም በጣም ሞቆታል፤ ዶሮዎቹ ይሰክራሉ፣ የመኖው ጉልበትም በአልኮል ይጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍራፍሬውን ከአትክልቱ ድርሻ ሩብ አታሳልፉ። የሙዝ ልጣጭ ሁሌም ለዚህ ጣጣ የቀረበ ነው። ምንም ጠረን ከሌለውና አረፋም ካላሳየ ቀዝቅዞታል ወይም ክሎሪኑ ገድሎታል።

በኖራ ላይ የሚደረገው ስህተት አስተዋይ ሰውንም ያታልላል። ጣይ ዶሮ በቀን 4 ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ትራፊ ምግብ ውስጥ ደግሞ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ባልዲው ውስጥ ጨምሮ አብሮ ያቦካል። ኖራው አሲዱን ያከሽፈዋል። ባልዲው ያለ ልክ አረፋ ያወጣል፣ በደንብ የቦካ ይመስላል፣ ፒኤቹ ግን አይወርድም፤ በሦስተኛው ቀን የሚገኘው ጎምዛዛ ሳይሆን የበሰበሰ ነው። አመድ መጨመርም ውጤቱ ይኸው ነው። ካልሲየም ከባልዲው ውጭ፣ በተለየ ዕቃ ይቀመጥ። ለ50 ዶሮ በቀን ወደ 200 ግራም ሻካራ የኖራ ድንጋይ፣ ጥራጥሬው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከሰዓት በኋላ አቅርቡ፤ ቅርፊቱ የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ማታ ሆዷ ውስጥ መገኘት አለበት። የራሳችሁን የእንቁላል ቅርፊት ከተጠቀማችሁ ብረት ምጣድ ላይ 15 ደቂቃ አምሱትና አድቅቁት። ቅርጹ የሚታወቅ ቅርፊት የለመደች ዶሮ የራሷን እንቁላል መስበር ትጀምራለች።

ማብላቱ በቀስታ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት የደረቁን ልክ 10 በመቶ ብቻ፣ ቀጥሎ 20፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሶ። በአንዴ የተቀየረባት ጣይ ዶሮ እንቁላል ትቆርጣለች፤ ለመመለስም ሳምንታት ትወስዳለች። የቦካውን በወንፊት ወይም በአሮጌ ነጠላ አጥልላችሁ፣ ከሚሰጠው ደረቅ መኖ ጥቂት ቀላቅላችሁ፣ ስትጨብጡት የሚያያዝ ስትለቁት የሚፈርስ አድርጋችሁ ጠዋት ስጡ። የቀረውን ደረቅ መኖ ከሰዓት። የእርጥቡ መመገቢያ ረጅም ይሁን፤ ሁሉም እኩል ካልደረሱበት ደካሞቹ የሚያገኙት የተረገጠውን ነው። ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ የተረፈውን አንሱ፤ በቆላ ከሁለት ሰዓት አይለፍ። መመገቢያውን በየቀኑ ማጠብ ግድ ነው፤ ከጥጉ የሚቀረው ፍርፋሪ ዝንብ ይጠራል፣ ዝንብ ደግሞ የትል እንቁላል ታመጣለች። ጫጩት እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ የራሷን የጫጩት መኖ ትብላ፤ በትራፊ የሚቆጠብባት ብር በእድገቷ ይጠፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዐይናችሁ ኩሱ፣ ጉዝጓዙና የእንቁላሉ ቁጥር ላይ ይሁን። ኩስ ሁለት ሦስት ቀን መላላቱ ያለ ነው፤ ከቀጠለ ጨዉን ወይም የውሃውን ብዛት መርምሩ። ሰጋቱራው ተጨብጦ ከተያያዘ እርጥቡን አውጥታችሁ ደረቅ ጨምሩ፤ እርጥብ ጉዝጓዝ አሞኒያና ኮክሲዲያ (አንጀት የሚያደማ ጥገኛ ተሕዋስ) ያመጣል። ማታ የዶሮዋን አንገት ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ዳስሱ፤ ሞልቶ ለስላሳ መሆን አለበት። ጠዋት ባዶ ሳይሆን እንደ ውሃ ፊኛ ሞልቶ አፏ የሚከረፋ ከሆነ ለዚያች ዶሮ እርጥቡን አቁሙ። ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ካልሲየም አንሷል ማለት ነው፤ እንቁላሉ ካነሰ ወይም ዶሮዎቹ ላባ መነቃቀል ከጀመሩ ፕሮቲን አንሷል፤ አስኳሉ ከገረጣ ጎመን ወይም አልፋልፋ ጨምሩ። ከ50 ዶሮ 40 እንቁላል ትሰበስቡ ከነበረና ሦስት ቀን በተከታታይ 35 ከሆነ፣ በሽታ አለመኖሩን አይታችሁ የባልዲውን ድርሻ ወደ ቀደመው ደረጃ መልሱ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሁሉም ዶሮ እኩል አያስፈልግም። ቦቫንስና ሎህማን የሚባሉት የእንቁላል ዝርያዎች በዓመት 300 ገደማ እንቁላል የሚጥሉ ናቸው፤ ከመኖው የጎደለው ሁሉ በማግስቱ እንቁላሉ ላይ ይታያል። በግቢ እየጫረች የምትበላ የሀበሻ ዶሮ ግን ከዚህ በፊት ያገኘችው ፍርፋሪና ትል ብቻ ስለሆነ የቦካ መኖ ሲጨመርላት ትርፍ ብቻ ነው፤ መዝኑም ብላችሁ አልጨነቅባችሁም። ሳሶና ኮይኮይ የሚባሉት ዝርያዎች በመካከል ናቸው፤ ግቢ የሚለቀቁ ከሆነ እስከ ግማሽ ድረስ ይችሉታል፤ እኔ ግን ከሲሶ ባታልፉ እላለሁ።

ሂሳቡን በኩንታል ሳይሆን በደረቅ ኪሎ አውጡ። የባልዲውን ፉርሽካና ፋጉሎ ዋጋ፣ ትራፊውን ለማምጣት የወጣውን ትራንስፖርት፣ ያፈላችሁ ከሆነ ከሰሉን ደምሩና ለ2 ኪሎ አካፍሉት። የአንድ ኪሎ የተገዛ መኖን ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ ድካሙ አያዋጣም፤ ወይ ቅርብ ያለ ምግብ ቤት ፈልጉ፣ ወይ ተዉት። ከ200 ዶሮ በላይ ላለውም ትራፊው በየቀኑ እኩል ስለማይመጣ አይመከርም።

ትራፊው ከጾምና ከፍስክ ጋር ይለዋወጣል። በጾም ወራት የሚመጣው ንጹሕ ነው፤ ሥጋና ቅቤ የለበትም፣ የምስርና የሽሮ ትራፊ ይበዛል፤ ለማቡካት ይመቻል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ግን ባልዲው በአጥንትና በዶሮ ወጥ ይሞላል። በእነዚያ ቀናት ከምግብ ቤት አትቀበሉ፤ በጾሙ ጊዜ ያጠራቀማችሁትን ድርቆሽ ተጠቀሙ። ለበዓል ከቤት የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ከአራት ቀን በፊት የባልዲውን ድርሻ መቀነስ ጀምሩና ወደ ደረቅ መኖ መልሷቸው፤ የሚጠብቃቸው ሰው የቦካና የበሰበሰ ጠረን መለየቱን አታውቁም። እርሾውን በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳኑን ሳታጠብቁ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ስትመለሱ በአንድ ኩባያ ፉርሽካና ውሃ አንድ ቀን ቀስቅሱትና አረፋ ካሳየ ባልዲውን እንደገና ጀምሩ።